«ከመኪና ነፃ» የተባለ የፈረንሳይ የሳይክል ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት

የጭነት መኪናው አጠገቤ ሲያልፍ ሳይክሉ ከእነ እኔ ተንቀጠቀጠ። ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ዳር ገፋኝ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ አስፋልቱ ሳበኝ። ከኋላዬ እህቴ «በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት። ቦታው ፈረንሳይ ነው። ከብሎዋ ወደ ቱር የሚወስደው ዴ 952 የሚባለው መንገድ። የሎዋር ወንዝ በግራችን ተኝቷል፣ ማየት ግን አልቻልንም፤ ዓይናችን መኪናው ላይ ነው። እዚያ የተገኘነው «መቶ በመቶ ከመኪና ነፃ» ለተባለ የስድስት ቀን ጉዞ ለሁለት ሰው 1,380 ዩሮ ከፍለን ነው።

ነገሩን ልተወው ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ፍራንክፈርት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን የምንነዳ ሁለት ልጆች ያንኑ ማስታወቂያ ልከውልኝ «እንሂድ እንዴ?» አሉኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለሁላችሁም ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ክርክራችን ገና አላለቀም። ደግሞም እንዲህ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ሆቴል ተይዞልናል፣ ሳይክልም ተሰጥቶናል። ችግሩ ማስታወቂያው አንድ ነገር ይላል፣ ውሉ ደግሞ ሌላ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ ውሉ በፈረንሳይኛ ነው። እኛ ደግሞ ፈረንሳይኛውን ሳናነብ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ተጫንን።

ፈረንሳዮች ሁለት ቃል አላቸው። አንዱ «ቭዋ ቬርት» ነው፣ አረንጓዴ መንገድ ማለት። ይሄ ሞተር ያለው ነገር የማይገባበት፣ ለሳይክል፣ ለእግረኛና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የተተወ መንገድ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ባቡር ሐዲድ የተነሳባቸው ወይም የቦይ ዳርቻዎች ናቸው። ሌላው «ቬሎሩት» ነው። ይሄ ምልክት የተተከለለት ረጅም የሳይክል ጉዞ መስመር ማለት ነው። በውስጡ አረንጓዴ መንገድ ሊኖር ይችላል፣ መኪና የሚያልፍበት የገጠር አስፋልትም ሊኖር ይችላል። መስመሩን የሚያወጡት ሰዎች መኪና የሚቀንስበትን ይመርጣሉ እንጂ መኪና አያልፍም ብለው አይምሉም። በእኛ ውል ውስጥ የተጻፈው ሁለተኛው ቃል ነው። ቅሬታ ስናቀርብ የመጣልን መልስም አንድ መስመር ነበር፦ «የሸጥንላችሁ ቬሎሩት ነው።»

የሚያናድደው ትክክለኛው መስመር ቢሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር። «ላ ሎዋር አ ቬሎ» የሚባለው መስመር ከኔቬር አካባቢ ተነስቶ እስከ አትላንቲክ ዳር ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚደርሰው የአውሮፓ የሳይክል መስመር፣ የዩሮቬሎ 6 አካል ነው። ብሎዋ ላይ በአሮጌው ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ በደቡቡ ዳርቻ፣ በወይን እርሻዎችና በትንንሽ መንደሮች በኩል ወደ አምቧዝ ይወርዳል። ዴ 952 ያለው ከወንዙ ማዶ፣ በሰሜኑ በኩል ነው። ድርጅቱ «ልዩ የራሳችን ካርታ» ብሎ የላከልን የጂፒኤስ ፋይል ድልድዩን ጭራሽ አያውቀውም። አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ከተማ ጠቅ አድርጎ ማሽኑ ያወጣለትን መስመር የላከልን ነው የሚመስለው።

ያዳነን ምልክቱ ነው። ነዳጅ ማደያ ገብተን አንዱን ሽማግሌ ጠየቅናቸው። ስልካችንን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ወንዙ ማዶ ዘረጉ። ተመልሰን ድልድዩን ስንሻገር ነጭ መደብ ላይ አረንጓዴ ሳይክል የተሳለበት ትንሽ ሰሌዳ አገኘን። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው አለ። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከተትነው። በነፃ! መንገዱም ነፃ፣ ምልክቱም ነፃ፣ የመስመሩ ፋይል ራሱ ከመስመሩ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። እኛ «ለልዩ ካርታ» 120 ዩሮ ተጨምሮብናል።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ጉዞ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ሦስት ብቻ ነው፦ መኝታ፣ ሳይክልና ሻንጣ ከሆቴል ሆቴል የሚያደርስ መኪና። ሻጩ «ሚስጥራዊ መንገድ» እሸጣለሁ ካላችሁ እዚያው ተውት።

መኝታውም ጉድ ነበረው። የሁለተኛው ሌሊት ሆቴል ከመስመሩ 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ያውም ዳገት። እህቴ በሕይወቷ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ አታውቅም፤ የመጨረሻውን ዳገት ሳይክሉን እየገፋች ወጣች። ስንደርስ ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። በፈረንሳይ ገጠር ሱቁ ከቀትር እስከ ስምንት ሰዓት፣ እሑድ ከሰዓትና ብዙ ጊዜ ሰኞም ዝግ መሆኑን ማንም አልነገረንም። ያን ቀን ሰኞ ነበር። እራታችን ከአምቧዝ የገዛናት ግማሽ ዳቦና ሁለት ፍሬ ኮክ ሆነች። «አኬይ ቬሎ» የሚባል ምልክት እንዳለ ያወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይሄን ምልክት የያዘ ማረፊያ ከሳይክል መስመሩ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ አይርቅም፣ ሳይክል የሚቆለፍበት ቦታና የጥገና ዕቃም ሊኖረው ግድ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የሆቴሎቹን ስም ዝርዝር ጠይቁ። «ኋላ እንልካለን» ከተባላችሁ እኔን አስታውሱ።

ሳይክሎቹን ስንረከብ አንድ ብልህ ነገር አድርገናል። እህቴ ቀረጻ ትወዳለች፤ ገና በሩ ላይ እያለን ከጎማ እስከ ኮርቻ ዙሪያውን በቪዲዮ ቀረጸችው። ካቴናው ዝጓል፣ የኋላው ፍሬን ላስቲኩ አልቋል፣ ፍሬሙ ላይ ጭረት አለ። ስንመልስ ለዚያችው ጭረት ከመያዣው ላይ 95 ዩሮ ቆረጡ። ቪዲዮውን ስንልክ በማግስቱ ተመለሰ። የተመለሰልን ገንዘብ እስካሁን እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀብዱ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነውና። ከመሄዳችን አሥር ቀን በፊት ጥርጣሬ ገብቶኝ ልሰርዝ ብዬ ነበር። «በኢንተርኔት የተገዛ ነገር በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል» የሚለውን ሕግ ተማምኜ። አይሠራም። የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ቀኑ የተወሰነ ማረፊያንና ጉዞን ከዚያ መብት ውጭ አድርጎታል። የከፈልኩት 30 በመቶም አይመለስም ተባልኩ። ምክንያቱ እንደገና አንዲት ቃል ናት። በፈረንሳይ ሕግ «ሌዛር» የሚባል ክፍያ አለ፣ «አኮንት» የሚባልም አለ። ሌዛር ማለት ቁርጥ የእኛ ቀብድ ነው፦ እናንተ ከተዋችሁት ገንዘቡ ይቀርባችኋል፣ ሻጩ ከተወው እጥፉን ይመልሳል። (መመሳሰሉ አይግረማችሁ፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸው።) አኮንት ግን የዋጋው የመጀመሪያ ክፍያ ነው፣ ውሉ ታስሯል ማለት ነው፤ ብትተዉት ቀሪውንም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የእኔ ደረሰኝ ላይ ያለው አኮንት ነው። እኔ ደግሞ በልቤ «ቀብድ ነው፣ ቢበዛ እሱ ይቀራል» ብዬ ነበር።

ሌላው፣ ፈረንሳይ ውስጥ የተሟላ ጉዞ የሚሸጥ ድርጅት በአቱ ፍራንስ፣ ማለት በፈረንሳይ የቱሪዝም ልማት መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ መኖር አለበት። ቁጥሩ «IM» በሚሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፣ መዝገቡንም በኢንተርኔት ማንም ማየት ይችላል። የእኛው አለው። ቁጥሩ መኖሩ ድርጅቱ ቢከስር ገንዘባችሁ ዋስትና እንዳለው ይነግራችኋል፤ መንገዱ ጥሩ ነው አይልም።

ገብታችሁ ከሆነስ? እዚያው መንገድ ላይ እያላችሁ፣ በዚያው ቀን፣ በጽሑፍ አሳውቋቸው። ሕጉም ሳትዘገዩ እንድትናገሩ ይፈልጋል። እኔ ተናድጄ ስልክ ደወልኩ እንጂ አልጻፍኩም፤ አሁን «አልነገራችሁንም» እያሉኝ ነው። የማስታወቂያውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። አውሮፓ ሕብረት ውስጥ የምትኖሩ ከሆነና ሻጩ በሌላ የሕብረቱ አገር ከሆነ የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከል በነፃ ይሸመግላል። የጀርመን ማዕከል ያለው ከፈረንሳዩ ስትራስቡርግ ማዶ፣ ኬል ከተማ ነው። የእኔ ፋይል አሁን እዚያ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ይሄ በር ስለማይከፈትላችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፣ ባንካችሁ በኩል መከራከር ትችላላችሁ።

እውነተኛ ከመኪና ነፃ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። ቡርጎኝ ውስጥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ የሳይክልና የእግረኛ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። ከክሉኒ ወደ ማኮን ስትቀጥሉ 1.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ። ክረምት ላይ ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል፣ እንደ እነሱ ክረምት ማለቴ ነው። ካናል ዱ ሚዲ የሚባለው ቦይ ዳርቻም አለ። ግን ያልተቋረጠው አስፋልት ከቱሉዝ ተነስቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ብዙ ቦታ ላይ አፈርና የዛፍ ሥር ይሆናል፣ እዚያ በቀጭን ጎማ አይሞከርም። «ቱሉዝ እስከ ባሕር፣ ለልጆች የሚመች» የሚል ስታዩ ጎማው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ጠይቁ።

ማስታወቂያው ዛሬም አለ። ትናንት ከፍቼ አየሁት። «መቶ በመቶ ከመኪና ነፃ» የሚለው ወጥቶ «ሰላማዊ» የሚል ገብቷል። ፎቶው ግን ያው ነው፦ ሁለት ሳይክሎች፣ ረጋ ያለ ቦይ፣ በሁለቱም ዳር ትላልቅ ዛፎች። ከብሎዋ እስከ ቱር በሎዋር ዳር እንዲህ ያለ ቦይ የለም።