በደሴ የተከታተልኩት የዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም ትምህርት

ኮምቦልቻ ውስጥ ለጅምላ ነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሙያውን የለመድኩት በራሴ ስለሆነ ግን የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የለኝም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን የሦስት ወር የዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም (የመረጃ አደራደርና የአሠራር ቅደም ተከተል) ትምህርት የተመዘገብኩትም እንጀራ የምበላበትን ሥራ ምን ሊያስተምሩኝ ይችላሉ በሚል ጥርጣሬ ነበር።

ጥርጣሬዬ የቆየው እስከ ሁለተኛው ሳምንት ብቻ ነው። አንድ ደንበኛዬ የመጋዘን ቆጠራውን ከሽያጭ መዝገቡ ጋር የሚያመሳክርበት ፕሮግራም ዕቃው በበዛ ቁጥር ይንቀራፈፍ ስለነበር፣ ጥፋቱን በኮምፒውተሩ እርጅና አሳብቤ አዲስ እንዲገዛ መክሬው ነበር። መምህሩ ሉፕ (ኮድን ደጋግሞ የሚያሠራ ትእዛዝ) በሌላ ሉፕ ውስጥ ሲገባ የሚያስከትለውን ወጪ በሰሌዳው ላይ ሲያሰላ የራሴን ኮድ ያየሁ መሰለኝ፤ 8,000 ዕቃዎችን ከ8,000 መዝገቦች ጋር አንድ በአንድ ማነጻጸር እስከ 64,000,000 ንጽጽር ይደርሳል። ስሞክረው የነበረው በ100 ዕቃ ስለሆነና 10,000 ንጽጽር ለኮምፒውተር ከምንም ስለማይቆጠር፣ ችግሩ ከእኔ ዘንድ ሊታይ አይችልም ነበር። መዝገቡን አስቀድሞ በሃሽ ቴብል፣ ማለትም እያንዳንዱን መዝገብ በመለያው በቀጥታ ለማግኘት በሚያስችል አደራደር፣ ማደራጀት ሥራውን ወደ 16,000 እርምጃ ገደማ ያወርደዋል፤ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እስኪወርድ ድረስ ይህንኑ ደጋግሜ አሰላሁ። ሰኞ ዕለት የቀየርኩት ኮድ 20 መስመር አይሞላም፤ ደንበኛዬም፣ ደግነቱ ገና አልገዛም ነበርና፣ አዲሱን ኮምፒውተር ተወው።

ከሁሉ የላቀው ክፍለ ጊዜ መብራት የጠፋ ቀን የተሰጠው ነው። መምህሩ አሥራ አምስታችንን በስማችን የፊደል ተራ አሰልፎ፣ ሁልጊዜ ከቀሪዎቹ መሃል ላይ የቆመውን ስሙን እየጠየቀና የማይሆነውን ግማሽ እየተወ፣ የፈለገውን ሰው ቢበዛ በአራት ጥያቄ ያገኝ ነበር፤ በዚሁ ዘዴ ከ1,000,000 ስም አንዱን ለማግኘት 20 ጥያቄ ይበቃል።

የዳታቤዝ ኢንዴክስ (በመረጃ ቋት ውስጥ ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ግን ለሠራተኛ ፕሮግራመር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግ ሆኖ ሳለ በግማሽ ክፍለ ጊዜ ታልፏል። የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው ጊት ጨርሶ አልተነሳም፤ ፈተናውም ኮድን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ማስጻፍ ነበር።

ቅሬታዬ የሚከብደው በማስታወቂያው ላይ ነው። ኮሌጁ ይህንኑ ትምህርት ኮድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው የሥራ በር ይከፍታል እያለ ይሸጠዋል። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ ሲሆን፣ እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝን ስሌት እሱ እንደ ታሪክ ትምህርት በቃሉ ይይዘው ነበር፤ የዘገየ ፕሮግራም ገጥሞት አያውቅምና አልፈርድበትም። በአምስተኛው ሳምንት አቋረጠ፤ የከፈለው ገንዘብም አልተመለሰለትም።