«መጀመሪያ ልኩን አምጪ» ላሉኝ ጋሼ

ለወንድሜ የእንቁጣጣሽ ስጦታ ሄልሜት ልገዛ መርካቶ ሄጄ፣ ብሬን እንደያዝኩ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የመለሱኝ ሻጩ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ የማመሰግነውም እሳቸውን ነው።

ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ዕቃ ያደርሳል። ከ2011ዱ የሞተር ክልከላ ወዲህ ፈቃድ ባለው ድርጅት ስር ነው የሚሰራው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት አንሸራቶ ጣለው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክርኑ ተልጦ ብቻ ተረፈ። እኔን ያስደነገጠኝ ሄልሜቱ ነው። ገና ሲወድቅ ከጭንቅላቱ ወልቆ ቱቦ ውስጥ ገባ። ከጓደኛው የወረሰው፣ የሰፋው፣ ማሰሪያው በክር የተቋጠረ ነገር ነበር። እሱ እንደ ቀልድ አወራልን። እማዬ ያን ቀን እራት አልበላችም።

የሞተር መለዋወጫ ከሚሸጥበት መደዳ መጀመሪያ የገባሁባቸው ሁለት ሱቆች «ለሁሉም ይሆናል» አሉኝ። አንደኛው እንዲያውም «ሰፋ ያለ ውሰጂ፣ ይመቸዋል» አለኝ፣ እያደገ ላለ ልጅ ጫማ የምገዛ ይመስል። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ተቀምጠዋል። አንድ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሄልሜት አሳይቼ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«የማን ጭንቅላት ነው?»

«የወንድሜ።»

«ልኩ ስንት ነው?»

«እንጃ፣ መካከለኛ ነው።»

«መካከለኛ ቁጥር አይደለም የኔ ልጅ። ለክተሽ ነይ።»

ተናደድኩ። ግን አለካኩን በራሳቸው ግንባር ላይ ሲያሳዩኝ ንዴቴ በረደ። ሜትሩ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጆሮ በላይ ያልፍና ከኋላ ጭንቅላቱ በጣም በወጣበት በኩል ይዞራል። ሦስቴ ለክቶ ትልቁን ቁጥር መያዝ ነው። «ጎፈሬ አለው?» ብለውም ጠየቁኝ። ካለው ጸጉሩን ተጭኖ መለካት ነው።

ስጦታው እንዳይታወቅ እማዬ ዘዴ ፈጠረች። «ሹራብ ኮፍያ ልሠራልህ ነው» ብላ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካችው። 58 ሴንቲ ሜትር። ምንም አልጠረጠረም።

በማግስቱ ስመለስ ጋሼ ያቺን የምታብለጨልጭ ሄልሜት ገፋ አደረጓት። ኤክስ ኤል ናት። «ይቺ ለሱ ድስት ናት» አሉ። 58 በብዙዎቹ ኤም ነው፣ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ስለዚህ ፊደሉን ትተሽ ሴንቲ ሜትሩን እዪ አሉኝ። ከዚያ የሌላ ሄልሜት ማሰሪያ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ ገልብጠው በክብ ውስጥ ያለችውን ኢ እና ከሥሯ በ06 የሚጀምረውን ቁጥር አሳዩኝ። የአውሮፓ የደህንነት መለኪያ ምልክት ነው። ከኋላ የሚለጠፈውን ዲ ኦ ቲ የሚል የአሜሪካ መለኪያ ስቲከር ግን ብቻውን አያምኑትም። «ይሄን ማንም ያትመዋል።» የሰጡኝ ከመጀመሪያው የረከሰ ነው፤ ከያዝኩት ገንዘብ ተረፈኝ።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳቸው ላይ የለም። «ሳይነዳበት ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት አድርጎት ይቀመጥ። ካልተስማማው ይዞት ይምጣ» አሉኝ።

አልተስማማውም። እንቁጣጣሽ ጠዋት ቡና እየተፈላ አድርጎት ተቀመጠ። ሲያወልቀው ግንባሩ መሃል ላይ ቀይ መስመር፣ ከራስ ምታት ጋር። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ የማይገጥመው ቅርጹ ነው። የወንድሜ ጭንቅላት ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ያለ ነው፣ በአባታችን ወጥቶ። ሜትር ይሄን አይናገርም።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ጋሼ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ሌላ ኤም አወረዱ። ማሰሪያውን አስረው ከሥሩ ሁለት ጣታቸውን ሰደዱ። ሄልሜቱን በሁለት እጅ ይዘው ግራ ቀኝ ሲያወዛውዙት የወንድሜ የግንባር ቆዳ አብሮ ሄደ። ከኋላ ወደ ፊት ገፍተው ሊያወልቁት ሞከሩ፣ እሺ አላለም። ጉንጩ ተጨፍልቆ ከንፈሩ እንደ ዓሣ ሾለ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «የጉንጩ ስፖንጅ ሲለመድ ይለቃል፤ ግንባር ላይ ያለው ግን አይለቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ በሁለት ሳምንት ጉንጩ ተመቸው።

ለወንድሜም ምክር አልቀረለትም። በቤንዚን አትጥረገው። ስፖኪዮ ላይ አታንጠልጥለው፣ የውስጡን ፎም ይጎዳዋል። ያ ነጭ ፎም የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚገኘው ዓይነት ነው። ሲመታ ተጨፍልቆ ኃይሉን ይውጣል፣ ተመልሶ ግን አይነፋም። ስለዚህ ከወደቅክበት በኋላ ላዩ ደህና ቢመስልም ጣለው።

እንከን አላጣሁባቸውም። ወሬ ከጀመሩ አይለቁም፤ የቀለም ምርጫቸውም ጥቁርና ግራጫ ብቻ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ሱቃቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አሳያችኋለሁ። ወር በገባ በ12 ግን አትሂዱ፤ ሚካኤል ስለሆነ ዝግ ነው። ቁጥሩን ሳትይዙ ከሄዳችሁ ደግሞ እንደኔ መመለሳችሁ ነው።