ኪካድን ለዓይኔ እንዲመች አድርጌ፦ የስምንት ወራት አጠቃቀም

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ዳር ባለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሥራዬም ለአነስተኛ የኃይል መቆጣጠሪያዎች የሚሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችን መንደፍ ነው። ላለፉት ስምንት ወራት ኪካድ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ስሠራ ቆይቻለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ቀለም ቅንብሩ ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ የማይለይ ዓይን ይዤ ስለተወለድሁ (የትራፊክ መብራትን እንኳ የማውቀው ከላይና ከታች በመብራቱ ነው)፣ ይህ ቅንብር ለእኔ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

ሶፍትዌሩ እንደተጫነ ሲከፈት በስኬማቲኩ (ክፍሎቹ እንዴት እንደሚገናኙ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ሽቦዎቹ አረንጓዴ፣ የክፍሎቹ እግሮች ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ ናቸው። በእኔ ዓይን ሁለቱም ቡናማ ይመስላሉ። በመጀመሪያው ወር ከአንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እግር ጥቂት ፈንጠር ብሎ የቀረ ሽቦ የተገናኘ መስሎኝ አልፌው፣ ስህተቴን ያወቅሁት ሶፍትዌሩ ራሱ በሚያካሂደው የኤሌክትሪክ ፍተሻ ነበር። በዚያው ቀን ወደ ቀለም ቅንብሩ ገባሁ።

አብሮ የሚመጣውን የቀለም ስብስብ መለወጥ አይቻልም፤ የራስን አዲስ ስብስብ ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል፣ ይህም ለተሳሳተ ሰው መመለሻ ስለሚሆን ተገቢ ነው። ሽቦዎቹን ጥቁር ሰማያዊ፣ እግሮቹን ግራጫ አደረግሁ። መደቡንም ለሁለት ሳምንት ያህል ጥቁር አድርጌ ሞክሬው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ግን በስክሪኑ ላይ የማየው ከሥዕሉ ይልቅ የራሴን ፊት ስለሆነ ወደ ነጣ ያለው መለስሁት።

የበለጠ ያደከመኝ አራት የመዳብ ንጣፍ ያለው ቦርድ ነው። የመረጥኋቸው አራት ቀለሞች በስክሪን ላይ የተለያዩ ቢመስሉም፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ ማተሚያ ቤት በጥቁርና ነጭ ሳሳትማቸው ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ፤ ሲመሽ ስክሪኑን አደብዝዤ ስሠራ የሚያምታቱኝም እነዚያው ሁለቱ እንደነበሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ የቀለሙን ዓይነት ትቼ ድምቀቱን መለያ አደረግሁ፦ አንዱ ንጣፍ በጣም ፈካ ያለ፣ ሌላው በጣም ጠቆር ያለ፣ የቀሩት ሁለቱም በመካከል የተራራቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቀለም የምመርጠው በግራጫ ከፈተንሁት በኋላ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ አይቶ «እንግዲህ ቦርዱ ሰማያዊ ሆኖ ሊመጣልን ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ወደ ፋብሪካ የሚላኩት የገርበር ፋይሎች የስክሪኑን ቀለም አይዙም፣ የቦርዱ ቀለም የሚወሰነው በትእዛዙ ነው።

ቅሬታዬ አድካሚነቱ ላይ ነው። የመዳብ ንጣፎቹ ብቻ እስከ 32 የሚደርሱ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱን ቀለም አንድ በአንድ እየከፈቱ መለወጥ ግድ ይላል። ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ሰው የተዘጋጀ ስብስብም ከመጀመሪያው አብሮ ቢመጣ ኖሮ ብዙ ምሽቶች ይተርፉልኝ ነበር። በአንጻሩ የስኬማቲኩም የቦርዱም ቀለሞች በአንድ ትንሽ የጄሰን (ተራ ጽሑፍ) ፋይል ስለሚቀመጡ፣ ኮምፒውተር ስቀይር ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ ወደ አዲሱ ማሽን ከማስገባት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረብኝም።

ይህ ስብስብ ግን በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንጂ በፕሮጀክቱ ውስጥ ስለማይቀመጥ፣ ባልደረባዬ ሥራዬን ሲከፍት የሚያየው የራሱን ቀለሞች ነው። በመሆኑም 220 ቮልት የሚያልፍባቸውን መስመሮች በአንድ የኔት ክፍል (አንድ ዓይነት ቅንብር በሚጋሩ መስመሮች ምድብ) መድቤ ቀለማቸውን እዚያ ሰጠሁ፤ የኔት ክፍል ቀለም ከፕሮጀክቱ ጋር ይሄዳል። መስመራቸውንም ወፍራምና የተቆራረጠ አደረግሁት፤ በጥቁርና ነጭ ወረቀት ላይም ሆነ በእኔ ዓይን ይለያል።