ርካሹ የሚጂት ሞተር ምን ያህል ርካሽ ነው? ከወራት አገልግሎት በኋላ የቀረበ የባለቤት ግምገማ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በሽርክና በያዝነው የሚጂት ውድድር መኪና ላይ የተገጠመውን ሞተር ነው። ሞተሩ ለተራ የቤት አውቶሞቢል ከተመረተ ባለ2.4 ሊትር፣ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ተነስቶ ለውድድር የተዘጋጀ፣ ባለቤቱ ውስጡን እንዳይነካካ ታሽጎ የሚሸጥ እና በደቂቃ የሚዞርበት ከፍተኛ ዙር በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የተገደበ ነው። የሠሪውን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ምክንያቱም የማነሣቸው ጥንካሬዎችና ድክመቶች የዚህ ዓይነት ሞተርና የሚገዛው ደንብ እንጂ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደሉም። የምንኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ ሲሆን የምንወዳደረው በአካባቢው ክለብ ስር በሸክላ አፈር ሜዳዎች ላይ ነው።

ሚጂትን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቀው። ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ የተጋለጡ፣ ክብደቱ 410 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ አነስተኛ መኪና ሲሆን፣ በብሔራዊ ደረጃ የሚወዳደሩት ከ300 እስከ 400 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ። ነዳጁ ሜታኖል ነው። ሞተር ማስነሻም፣ ፍሪሲዮንም፣ ካምቢዮም ስለሌለው የሚነሣው ከኋላው በፒካፕ ተገፍቶ ነው።

የሞተሩን ዝግጅት ብዙም በማይገድበው፣ ክፍት በሆነው የብሔራዊ ውድድር ደንብ አሸናፊ ለመሆን የሚያበቃ አዲስ ሞተር ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። እኛ የገዛነው ከዚያ ሲሶ በማይሞላ ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ገዢ ሊያየው የሚገባው ዋና ቁጥር ይህ የመግዣ ዋጋ አይመስለኝም። ባለቤቱን በጊዜ ብዛት የሚያደኸየው ሞተሩ ወርዶ የሚታደስበት ድግግሞሽ ነው። ፒስተኑ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግና የቫልቭ ሞላው የሚሸከሙት ኃይል ከዙሩ ብዛት ጋር እኩል ሳይሆን ከዙሩ ካሬ ጋር ይጨምራል፤ ስለዚህ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ይዞር የነበረ ሞተር በ7,500 ቢገደብ ያ ሸክም በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ክፍት ደንብ የሚከተሉ ጎረቤቶቻችን የውድድሩ ዘመን ሳይጋመስ ሞተራቸውን አውርደው ለእድሳት ሲልኩ የእኛው ካንዴላና የሞተር ዘይት እየተቀየረለት ቀጥሏል። በዚህ በኩል ሞተሩ የተባለለትን ሁሉ ፈጽሟል ብዬ በሙሉ ልብ መመስከር እችላለሁ።

የማይቀንሰውም ወጪ ብዙ ነው። ጎማው የሞተሩን ርካሽነት አያውቅም፤ በግጭት የተጣመመ የፊት አክሰል፣ ተጎታቹና የመንገድ ነዳጁም እንዲሁ። ሜታኖል በትክክል ለመቃጠል በክብደት ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ይፈልጋል፤ ቤንዚን ለአንድ ኪሎ ግራም 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲጠቀም ሜታኖል የሚጠቀመው 6.4 ብቻ በመሆኑ በርሜሉ ቶሎ ይጎድላል። ከዚህ በላይ ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል፤ ስለሆነም ከእያንዳንዱ የውድድር ምሽት በኋላ የነዳጅ መሥመሩ መታጠብ አለበት፣ ወደ ሞተሩ ዘይት ሾልኮ የሚገባው ሜታኖልም ዘይቱን ወተት ስለሚያስመስለው ቶሎ ቶሎ መቀየሩ ግድ ነው። ርካሽ ሞተር የገዛ ሰው ይህን ሥራ ችላ ካለ ብዙም ሳይቆይ የውዱን ሞተር የእድሳት ዋጋ ይከፍላል።

በከፍታ ቦታ ላይ ያሳየው ጠባይ ከጠበቅሁት በላይ አርክቶኛል። ዴንቨር 1,600 ሜትር፣ የአይ-76 መወዳደሪያ ሜዳ የሚገኝበት ፎርት ሞርጋን ደግሞ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ ማንም እዚህ በሙሉ ኃይሉ አይወዳደርም። ከአዋሽ ቆላ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ አሽከርካሪ ነገሩን ሳይነግሩት ያውቀዋል። በክፍት ደንብ የሚነዱት አብዛኞቹ ሜካኒካል የነዳጅ መርጫ ስለሚጠቀሙ የምሽቱን የአየር ሁኔታ እያዩ ትንንሽ የነዳጅ ማጥበቢያ ቀዳዳዎችን በእጅ ይለዋውጣሉ፤ የእኛ ሞተር ግን የአየሩን ግፊት ራሱ እየለካ ነዳጁን ስለሚያስተካክል ያ ሥራ ቀርቶልናል። የጉልበቱ ልዩነት ራሱ በሁሉም ሰዓት እኩል አይሰማም። አመሻሹ ላይ አፈሩ እርጥብና ጨባጭ ሲሆን ጠንካሮቹ ጥለውን ይሄዳሉ፤ ሜዳው ደርቆ ሲያሙለጨልጭ ግን የእነርሱ ትርፍ ጉልበት የኋላ ጎማቸውን ከማሽከርከር ያለፈ ጥቅም ስለማይሰጣቸው በመጨረሻው ዙር ተቀራርበን እንነዳለን።

ትልቁ ቅሬታዬ ማሸጊያው ነው። እሽጉን የመክፈት መብት ያለው የተፈቀደለት ጋራዥ ብቻ በመሆኑ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሥር ትንሽ ዘይት መንጠባጠብ ሲጀምር ራሳችን በአንድ ምሽት ልንጨርሰው የምንችለውን ሥራ ወደ ሌላ ግዛት ልከን ለሳምንታት ጠብቀናል። ጥገናው ራሱ ውድ አልነበረም፤ ያለፉን የውድድር ምሽቶች ግን አልተመለሱም። ያም ሆኖ ማሸጊያው ይነሣ ብዬ አልከራከርም፤ ምክንያቱም የዚህን ስፖርት ታሪክ ያየ ሰው ያለ ማሸጊያ ርካሽ ሞተር ርካሽ ሆኖ እንደማይቆይ ይረዳል።

ሚጂት በ1933 በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ ሲጀመር ከጀልባና ከሞተር ሳይክል የተፈቱ ሞተሮች ጭምር ይሮጡበት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ለውድድር ተብሎ የተሠራው ባለ1.6 ሊትሩ ኦፈንሃውዘር መጥቶ ሜዳውን ያዘው፤ አቅም ያልነበራቸው ከፎርድ አውቶሞቢል የተወሰደውን ባለ2.2 ሊትር፣ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ገጠሙ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር የኦፈንሃውዘርን የበላይነት አናጋ፤ ከዚያ ግን ባለሙያዎች እየፈለቀቁ፣ ክፍሎቹን ሁሉ በልዩ ሥራ እየተኩ እሱንም ውድ የውድድር ሞተር አደረጉት። የዛሬው ክፍት ደንብም ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከታች ለሆነ ሞተር ሰፋ ያለ፣ ካምሻፍቱ ከላይ ለሆነ ሞተር ደግሞ ጠበብ ያለ የሊትር መጠን በመፍቀድ ለማመጣጠን ይሞክራል። ደንቡ የሚያመጣጥነው ግን ሊትሩን እንጂ ቦርሳውን አይደለም። እንደ ቶዮታ ያለ ፋብሪካ የሚደግፈው፣ ካይል ላርሰንና ክሪስቶፈር ቤል ወደ ታዋቂው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ናስካር ከማምራታቸው በፊት የነዱለት የኪት ኩንዝ ቡድን ባለበት ሜዳ አንድ የቤተሰብ ቡድን በሞተር ወጪ መፎካከር አይችልም።

ወደ ውድድር የሚመጡት የሚጂት መኪኖች ቁጥር ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሚጂት ደህና መሆኑን ለማሳየት የሚፈልጉ ሰዎች ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ በቱልሳ፣ ኦክላሆማ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄደውን ቺሊ ቦውል ይጠቅሳሉ፤ በእርግጥም በቅርብ ዓመታት ከ300 በላይ መኪኖች ተመዝግበውበታል። እኔ ግን ይህን ማስረጃ አልቀበለውም። በአሜሪካ አብዛኛው ውድድር በቅዝቃዜው ወቅት ምክንያት ቆሞ ሳለ የሚካሄድ አንድ ሳምንት ብቻ ከመሆኑም በላይ ብዙዎቹ መኪናውን ለዚያ ሳምንት ብቻ ይከራያሉ፤ አሸናፊው ለብዙ ዓመታት ሲወስደው የኖረው 10,000 ዶላር እንኳ የአንድ ክፍት ደንብ ሞተር አምስተኛ አይሆንም። የስፖርቱ ጤና የሚታየው ሐምሌ ላይ በአንድ ተራ የቅዳሜ ምሽት ስንት ተጎታች ወደ ሜዳው ገባ በሚለው ነው፤ በዚያ መለኪያ ደግሞ ባለ600 ሲሲ የሞተር ሳይክል ሞተር የሚገጠምላቸው ማይክሮ ስፕሪንት መኪኖች ወጣቶቹን እየወሰዱብን ነው። እነርሱን ለመመለስ የሽልማት ገንዘብ ከመጨመር ይልቅ እንደ እኛ ያለ እሽግ ሞተር ከክፍቱ ጋር በአንድ ሜዳ የሚሮጥበትን ደንብ ለዓመታት ሳይቀያይሩ ማቆየት ይሻላል የሚል አቋም አለኝ።

ሳይቀያይሩ የምለው በምክንያት ነው። የታሸገ ሞተር ዋጋ ያለው የሚቀበለው ክለብ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ደንቡ በተለወጠ ማግስት ከብረቱ በቀር የሚሸጥ ነገር አይኖረውም። ክፍት ሞተር ግን አርጅቶም ቢሆን በብዙ ግዛቶች ገዢ ያገኛል። ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የአካባቢውን ክለብ ደንብ ለማየትና ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንደሚጸና በጽሑፍ ለመጠየቅ ይሞክር። የእኛ ክለብ አባላት በመጪው የቅዝቃዜ ወቅት በዙር ገደቡ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ገደቡ ባለበት እንዲቆይ ከወሰኑ ሞተሩን አንሸጥም፣ ከፍ ካደረጉት ግን ጸደይ ሳይገባ ለገበያ እናቀርበዋለን።