ዴብሬትሰን ወይስ ቡዳፔስት?

የሃንጋሪ ፕሮቴስታንቶችን ታሪክ በቦታው ማየት ፈልጋችሁ ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ነው እንበል። የቱ ይሻላል? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወጪና ድካም፦ ቡዳፔስት ይቀላል። የደአክ አደባባይ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሜትሮው አጠገብ ነው፤ ሙዚየሙም እዚያው። በምሥራቅ ሃንጋሪ ያለችው ዴብሬትሰን ከተማ ግን ከዚያ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የባቡሩ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበላል።

የሚታየው፦ የሉተር የ1542 ኑዛዜ ዋናው ቅጂ ቡዳፔስት ነው። ቤተ መዛግብት ውስጥ ስለሆነ ግን እንደልብ አይታይም።

ዴብሬትሰን ሌላ ነው። «የካልቪናውያን (የተሐድሶ መሪው የካልቪን ተከታዮች) ሮም» የምትባለው እሷ ናት። የተሐድሶ ኮሌጇ የተመሠረተው በ1538 ነው። የሃንጋሪ የነፃነት ትግል መሪ ኮሹት በ1849 አገሩን ይገዙ ከነበሩት የኦስትሪያ ነገሥታት፣ ከሃብስበርጎች፣ ነፃነትን ያወጀው በታላቁ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ነው። ከጀርባው ደግሞ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች መታሰቢያ ሐውልት አለ። ሰባኪዎቹ እምነታችንን አንተውም በማለታቸው ጣሊያን አገር ኔፕልስ ውስጥ ለመርከብ ቀዛፊነት ተሸጡ። በ1676 የኔዘርላንዱ አድሚራል ደ ራይተር አስፈታቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ይህ ነው።

ሰዓት ካጠረ፣ ልጆች ካሉ ወይም ትኩረታችሁ ሉተራውያን ላይ ከሆነ ቡዳፔስት ይበቃል። እምነትና የአገር ነፃነት እንዴት እንደተሳሰሩ ማየት የሚፈልግ ግን በጠዋት ባቡሩን ይያዝ።