«ኪሳራ ላውጅ ይሆን?» ለሚል ሁሉ፦ የቱሉ ዲምቱዋን ጠበቃ እናመሰግናለን

በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲና በአቃቂ የትናንሽ ነጋዴዎችን ሒሳብ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ዕዳ ያጎበጣቸውን ደንበኞቻችንን የምንልክላቸው አንዲት ጠበቃ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ለሚፈልግ ሰው እሳቸውን አስፈቅደን በውስጥ መስመር አድራሻ እንሰጣለን። ምስጋናው ግን በይፋ ይሁንልን፤ ፋይል ለመክፈት የማይቸኩሉ ጠበቃ ናቸውና።

መጀመሪያ የሚጠይቁት «የንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው?» ብለው ነው። የንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የኪሳራን ሥርዓት ያበጀው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። በደመወዝ የሚኖር ሰው የቤትና የዘመድ ብድር ተደራርቦበት ቢመጣ በዚህ በር አይገባም። ለእሱ የሚያስረዱት ሌላ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ፍርድ ቢፈጸምበትም አልጋው፣ የማብሰያ ዕቃውና የሙያ መሣሪያው አይወሰዱም። ይህን ሰምቶ ትከሻው የቀለለው ሰው ብዙ ነው።

በግል ስሙ የሚነግድ ከሆነ የሱቁም የቤቱም ንብረት ለዕዳው ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ዕዳው የማኅበሩ ነው፤ ባለቤቱ ለባንኩ በግሉ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ከሆነ ግን ያ ከለላ አይጠቅመውም። ስለዚህ የብድር ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነቡታል። ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው፤ እኛም በዚህ ነው የወደድናቸው። ለምሳሌ አንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በወር 200,000 ብር ይሸጣል እንበል። የዕቃ መግዣ 150,000፣ ኪራይ 14,000፣ የረዳት ደመወዝ 6,000፣ የቤት ወጪ 11,000 ሲወጣ 19,000 ይቀራል። የባንክ ክፍያው 22,000፣ አስቀድሞ የበላው እቁብ ደግሞ 8,000 ነው። በየወሩ 11,000 ይጎድላል። ሰውዬው ይህን አይቶ «አለቀልኝ» ይላል። እቁቡ የቀረው 4 ወር ብቻ ቢሆንና ባንኩ ጊዜውን አራዝሞ ክፍያውን ወደ 14,000 ቢያወርደው ግን ጉድለቱ ለ4 ወር 3,000፣ በድምሩ 12,000 ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 5,000 ይተርፈዋል። ማራዘም አጠቃላይ ወለዱን ይጨምራል፤ ይህንንም አስልተው ያሳያሉ፣ አይደብቁም። እንዲህ ያለው ሱቅ ፍርድ ቤት የሚያስሄደው ጉዳይ የለውም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። ብድር 90 ቀን ካለፈው ባንኩ ከተበላሹ ብድሮች ጋር ይመድበዋል፣ ታሪኩም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ላይ ይታያል። ከዚያ በፊት ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከትና ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስመትቶ ቅጂውን መያዝ ይገባል። በቃል «አናግሬያቸዋለሁ» ማለት ምንም አያስይዝም። መያዣ ያለው ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ዕዳ በተበዳሪው ላይ ይቆያል።

ንግዱ በእርግጥ የማይነሳ ከሆነስ? ያኔ ሁለቱን መንገድ ለይተው ያስረዳሉ፦ በፍርድ ቤት በኩል ከባለገንዘቦች ጋር ተስማምቶ ንግዱን የሚያስቀጥል መልሶ ማደራጀት፣ ወይም ንብረቱ ተሽጦ የሚከፋፈልበት ኪሳራ። የሚያበላሸውንም ቀድመው ይናገራሉ። መኪናን በወንድም ስም ማዞር፣ አንዱን ዘመድ ብቻ መርጦ መክፈል፣ የሒሳብ ደብተር መጣል። ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ዝውውር ሊያፈርሰው ይችላል፣ ሆን ተብሎ ከተደረገም በወንጀል ያስከስሳል። ደረቅ ቼክ (በቂ ገንዘብ በሌለው ሒሳብ ላይ የተጻፈ ቼክ) መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ኪሳራ መታወጁ ክሱን አያስቀረውም። ስለዚህ ቼክ የሰጠ ሰው ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ይንገራቸው።

ከግለሰብ የተበደረ ሰው ውሉን እንደ ሕጉ ያስፈትሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በብድር ላይ በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። አራጣ አበዳሪ «በወር ከመቶ 10» ብሎ ያስፈረመውን ሁሉ እንደ እውነተኛ ዕዳ ቆጥረው ሲንቀጠቀጡ የኖሩ አሉ።

ሱቁን የሚዘጋም ፈቃዱን ዝም ብሎ አይተወው። ግብሩን አጣርቶ ክሊራንስ ይዞ መመለስ አለበት፤ አለዚያ በተዘጋ ሱቅ ላይ ግብርና ቅጣት ይከማቻል።

ለእሳቸው ሲሄዱ የሁሉንም ባለገንዘብ ስምና መጠን፣ የብድርና የዋስትና ውሎችን፣ የ12 ወር የባንክ ስቴትመንት፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ማስረጃና በእጅ ያለ የቼክ ደብተር ይያዙ። ፈርተው ሳይከፍቱት ያስቀመጡት የባንክ ደብዳቤ ካለም እንደታሸገ ይዘውት ይሂዱ፤ አብረዋችሁ ይከፍቱታል።