የኪችን ካውንተር ጠርዝ፦ በካውያ የሚለጠፈው፣ በማስቲሽ የሚጣበቀው ወይስ አልሙኒየሙ?

ኪችን የሚያሠራ ሰው በቀለሙ ላይ ሳምንት ሙሉ ይጨቃጨቃል። የካውንተሩን ጠርዝ ግን የሚያስታውሰው የለም። «እሱማ ይለጠፋል» ተብሎ ይታለፋል። ብዙም ሳይቆይ ሲንኩ አጠገብ ያለው ጫፍ ትንሽ ይከፈትና ውስጡ ያለው ቺፑድ ውሃ መጠጣት ይጀምራል። እንደ ራሰ ካርቶን ያብጣል። ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

የማወራው ላዩ በላሚኔት፣ ብዙዎቻችን ፎርማይካ በምንለው፣ ስለተለበጠ የቺፑድ ካውንተር ነው። ግራናይት ያሠራችሁ እፎይ በሉ። የላሚኔት ካውንተር የፊት ጠርዙ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ተጠቅልሎ ይመጣል። ጣጣው ያለው በግራና በቀኝ ባሉት ጫፎች ነው። በመጋዝ ተቆርጠው የቺፑዱ ሆድ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ያንን የሚሸፍነው ጥብጣብ ኤጅ ባንድ ይባላል።

አማራጩ ብዙ ይመስላል እንጂ በተግባር አራት ነው። እኔ ከቀለሙ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይሄ ነገር እንዴት ይከረከማል? ጠርዝ ሲበላሽ ያየሁት በአብዛኛው ሲለጠፍ ሳይሆን ትርፉ ሲቆረጥ ነው።

በካውያ የሚለጠፈው ሜላሚን

ሜላሚን ማለት በሙጫ የጠነከረ ወረቀት ነው። ቀጭን ነው፤ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ጀርባው ላይ የደረቀ ሙጫ ተቀብቶ ይመጣል። ካውያ ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። እንፋሎቱ የጠፋ ካውያ፣ መካከለኛ ሙቀት፣ በመሃል አንድ ንጹህ ወረቀት፤ በቃ። ካውያውን በዝግታ ታስኬዳላችሁ። ከኋላው በእንጨት ቁራጭ እየተጫናችሁ እስኪቀዘቅዝ ትከተላላችሁ። አጣማችሁ ከለጠፋችሁት እንደገና አሙቃችሁ ታቃናላችሁ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። በሙቀት የተጣበቀ በሙቀት ይላቀቃል። ምድጃው አጠገብ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በር ሲከፈት እንፋሎቱ በሚወጣበት በኩል ሜላሚን ዕድሜ የለውም። ውሃም አይወድም። ለመከርከም ግን ከእሱ የሚቀል የለም፤ ስለታም ከተር ይበቃል። ምላጩ ወደ ውስጥ ልግባ ካለ አቅጣጫ ቀይሩ።

ፒቪሲና ኤቢኤስ

እነዚህ ፕላስቲክ ናቸው፤ ውሃ አይጠጡም። ውፍረታቸው ከ0.4 ሚሊ እስከ 2 ሚሊ ሲሆን ከዚያ የወፈረም አለ። ቀጭኑን ጀርባው ሙጫ ካለው ቤት ውስጥ መለጠፍ ይቻላል፤ ካውያው ካየለ ግን ይሸበሸባል። 2 ሚሊው በእጅ የሚሞከር አይደለም። የወርክሾፕ ማሽን ይለጥፈዋል፣ ራውተር የሚባለው የእንጨት መቅረጫ ማሽን ጠርዙን ያድቦለቡለዋል። ካውንተሩ መተላለፊያ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቤት ውስጥም የሚሯሯጥ ልጅ ካለ፣ እኔ ሳላመነታ ይህን ነው የምመርጠው። የተድቦለቦለ ጠርዝ ዳሌም ግንባርም ይምራል።

ስትከረክሙት አንድ ነገር ያስደነግጣችኋል። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ሲታጠፍ ወይም ሲፋቅ ነጭ መስመር ያወጣል። ተበላሸ ብላችሁ አትንቀሉት። በፀጉር ማድረቂያ ቀስ አድርጋችሁ ብታሞቁት አብዛኛው ነጭነት ይጠፋል።

ከካውንተሩ ጋር አንድ የሆነው ላሚኔት

የራሱ የካውንተሩ ላሚኔት በጥብጣብ መልክ ተቆርጦ ይሸጣል። ቀለሙም፣ የእንጨት መስመሩም፣ ሲዳስሱት ያለው ስሜትም ያው ነው። በደንብ ከተሠራ ጠርዙ የት እንደተለጠፈ አይለይም። ጠንካራ ነው፣ ውሃ ይችላል። ግን አኩራፊ ነው፤ ከተጫናችሁት ይሰበራል፣ በተለይ ሲቀዘቅዝ። ከመጋዘን እንደወጣ አትሥሩበት። ቤት ውስጥ አሳድሩት።

የሚጣበቀው በማስቲሽ ነው። ማስቲሹ ጥብጣቡም ቺፑዱም ላይ ይቀባል። ቺፑድ ጫፉ ጥማተኛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቅብ ውጦ ይጨርሰዋል። ሲደርቅ ሁለተኛ ድገሙት። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጣት ሲነካው ካልተሳበ ደርሷል፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን እዩ። ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እያሳረፋችሁ ትሄዳላችሁ። አንዴ ከነካ ነካ፤ እንደ ካውያው ማቃናት ብሎ ነገር የለም። መስኮት ይከፈት፣ ምድጃው ይጥፋ። የማስቲሽ ትነት እሳት ይስባል።

አሁን ወደ መከርከሙ። ቅድም «እንዴት ይከረከማል» ያልኩት ለዚህኛው ነው።

የካውንተሩ ውፍረት ብዙ ጊዜ 38 ሚሊ ነው፤ 28 እና 40 ሚሊም አለ። ጥብጣቡ ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሰፋ ይላል። ከላይም ከታችም 2 ወይም 3 ሚሊ ቢተርፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ከበዛ ሞረዱ ያናውጠዋል፣ እየተናወጠም ይሰነጠቃል። የምትይዙት ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ጠፍጣፋ ሞረድ ነው። ትንሽ አዘንብላችሁ ወደፊትና ወደታች ትገፋላችሁ፣ ጥብጣቡን ቺፑዱ ላይ እየተጫናችሁ ማለት ነው። ስትመልሱት ሞረዱን አንሱ። ወደ ኋላ እየሳባችሁ አትሞርዱ።

እኔ ይህን የተማርኩት በዋጋ ነው። የመጀመሪያዬ ጊዜ ነበር፤ እጄ ደክሞ ሞረዱን ሳላነሳ መለስኩት። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከጥብጣቡ ጥግ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ስባሪ ተነሳች። የት? ሲንኩ ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ዕቃ የሚያጥብበት ቦታ። ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሲሊኮን ሞልቼበት አለፍኩ። እንግዳ አያየውም፤ እኔ ግን ውሃ በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ነው።

ራውተር ያለው ሰው ጥርሱ ጫፍ ላይ ኩሽኔታ ያለበትን ገጥሞ በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል። ያው፣ እጁ ከተንሸራተተ የሚበላሸውም በአንድ ደቂቃ ነው። በራውተር የተቆረጠውም ቢሆን መጨረሻው ሞረድ ነው። ሹሉን ጠርዝ በስሱ ሞርዳችሁ ካላደነዛችሁት እጅ ይቆርጣል።

አልሙኒየም

ይህኛው ጥብጣብ ሳይሆን የብረት ሽፋን ነው። ጫፉ ላይ ይቀመጥና በቪቴ ይታሰራል። ላይና ታቹን መከርከም የለበትም። በልኩ በሴጌቶ መቁረጥና የተቆረጠውን ጫፍ መሞረድ ብቻ ነው። የግራና የቀኝ ተብሎ የሚለያይ ስላለ ጫፋችሁ የቱ እንደሆነ አይታችሁ ግዙ። ከማሰራችሁ በፊት የቺፑዱን ጫፍ በሙሉ ሲሊኮን ቀቡት፤ ያለዚያ ውሃው ከብረቱ ጀርባ ተደብቆ ሥራውን ይሠራል።

መልኩን አልወደውም፤ የቢሮ ሻይ ቤት ያስመስላል። ከብረቱና ከላሚኔቱ መገናኛም ቆሻሻ ይሰበሰባል። ምድጃው ካውንተሩን ተጠግቶ ለብቻው የሚቆም ከሆነ ግን እኔም ራሴ ይህንኑ ነው የማስገባው። ሙቀት አያላቅቀውም፣ ድስት ቢገጨው አይሰበርም።

ታዲያ የቱን?

አንድ ዓይነት መርጦ ኪችኑን በሙሉ በእሱ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ሲንኩና የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ባሉበት ጫፍ ላሚኔት ወይም ፕላስቲክ፤ ሜላሚን በፍጹም። ምድጃው ጎን አልሙኒየም። ሰው የሚያልፍበት ጫፍ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ወርክሾፕ የሚሠራላችሁ ካለ። ሜላሚን ቦታው ደረቅ ላይ ነው፤ የላይ ካቢኔት መደርደሪያ፣ ውሃ የማይደርስበት የቡና ጥግ። ግድግዳ ውስጥ ለሚገባው ጫፍ ጥብጣብ አያስፈልግም፤ ግን ባዶውን አትተዉት፣ ሲሊኮን አስነኩት።

ሞረድ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነና ላሚኔቱን ከፈለጋችሁ፣ ከካውንተሩ የተረፈ ቁራጭ ላይ አንድ ጊዜ ለጥፋችሁ ከርክሙ። አንዱ ቁራጭ ቢበላሽ አይቆጫችሁም። ሁለተኛው ላይ እጃችሁ ወደታች መጫኑን ይለምደዋል።

ስትገዙ ጥብጣቡን ከካውንተሩ ጋር አብራችሁ፣ በመለያ ቁጥሩ ግዙ። ቆይቶ «ነጭ ስጡኝ» ብሎ መሄድ አያዋጣም፤ የነጭ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጀርባውን ገልብጡ። ሙጫ ያለው ሲነካ ለስለስ ብሎ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ የሌለው ሻካራ ነው። ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ጫፍ የሚሸፍን ትርፍ ጨምሩ። የእኔ ትርፍ ከመሳቢያው ጀርባ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ያቺን ስባሪ አንድ ቀን እለውጥባታለሁ።